የቮልስ መኪና ጥቃቅን የኤሌክትሪክ ዕቃዎች ጥገና

የቮልስ መኪና ጥቃቅን የኤሌክትሪክ ዕቃዎች ጥገና ማለት በተለምዶ «ቮልስ» ተብሎ በሚጠራው ቮልስዋገን ቢትል ላይ የሚገኙትን መብራቶች፣ ፍሬቻ፣ ክላክስ፣ ፊውዝ፣ ማብሪያ ማጥፊያዎችና እነዚህን የሚያገናኙትን ሽቦዎች መርምሮ ጉድለታቸውን የማስተካከል ሥራ ነው። በዕድሜ በገፋ መኪና ላይ ለሚታይ የኤሌክትሪክ ብልሽት ምክንያቱ ብዙ ጊዜ የተቃጠለ ዕቃ ሳይሆን የላላ፣ የዛገ ወይም የቆሸሸ መጋጠሚያ ነው። በመሆኑም የጥገናው ዋና ሥራ ዕቃ መለወጥ ሳይሆን ኃይሉ ከባትሪ ወጥቶ ወደ ባትሪ እስኪመለስ ድረስ የት ቦታ ላይ እንደሚባክን ፈልጎ ማግኘት ነው።

ቮልስ በጀርመን አገር የተጀመረ መኪና ሲሆን በተለያዩ አገሮች ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርቷል። የመጨረሻው የተመረተው በሜክሲኮ ፑዌብላ ከተማ በሐምሌ 2003 ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።) በኢትዮጵያም ለረጅም ዘመን ያገለገለና እስከ ዛሬም በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ የሚታይ መኪና ነው። ኤሌክትሪኩ ኮምፒዩተር የሌለበትና ከሞላ ጎደል በዓይን ሊከተሉት የሚቻል በመሆኑ የመኪና ኤሌክትሪክን መሠረታዊ ትምህርት ለመማርም ጥሩ ምሳሌ ነው።

የሥርዓቱ አሠራር

የቮልስ ሞተር ከኋላ ነው። ባትሪው ከኋላ መቀመጫ ሥር በቀኝ በኩል ይቀመጣል። የነዳጅ ታንከሩና የዕቃ መጫኛው ግን ከፊት፣ በኮፈኑ ሥር ናቸው። ስለዚህ ለፊት መብራት የሚሄደው ኃይል ከመኪናው ኋላ ተነስቶ፣ በዳሽቦርዱ ጀርባ በሚገኙት ማብሪያ ማጥፊያና ፊውዞች አልፎ፣ ከዚያ ወደ ፊት ይጓዛል። በመንገዱ ላይ ብዙ መጋጠሚያዎች አሉ። እያንዳንዳቸው ከዓመታት በኋላ ሊዝጉና ሊላሉ ይችላሉ።

ኤሌክትሪክ ሥራ የሚሠራው ዑደቱ ሲዘጋ ብቻ ነው። ከባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ የተነሳው ኃይል በሽቦ ወደ አምፖሉ ይሄዳል። ሲመለስ ግን አብዛኛውን መንገድ የሚጓዘው በሽቦ ሳይሆን በመኪናው የብረት አካል ነው። ይህ የመመለሻ መንገድ «የመሬት መስመር» ይባላል። በቮልስ ከመኪናው አካል ጋር የሚታሰረው የባትሪው ኔጌቲቭ ጫፍ ነው። ብዙ ሰው መብራት እምቢ ሲል ወደ አምፖሉ የሚመጣውን ሽቦ ብቻ ይመለከታል። የመመለሻው መንገድ ግን በቀለም፣ በዝገትና በጭቃ ስለሚሸፈን እኩል ትኩረት ይፈልጋል።

6 ቮልት እና 12 ቮልት

የቀድሞዎቹ ቮልሶች የሚሠሩት በ6 ቮልት ነበር። ከ1967 ሞዴል ጀምሮ አብዛኞቹ ወደ 12 ቮልት ተዛውረዋል፤ አንዳንድ ዝቅተኛ ዋጋ ያላቸው ሞዴሎች ግን ከዚያም በኋላ ለተወሰነ ጊዜ በ6 ቮልት ቀጥለዋል። አንድ መኪና የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ቀላሉ መንገድ ባትሪውን ማየት ነው። ውኃ የሚጨመርበት ባትሪ 3 ክዳኖች ካሉት 6 ቮልት፣ 6 ክዳኖች ካሉት ደግሞ 12 ቮልት ነው። እያንዳንዱ የባትሪ ክፍል 2 ቮልት ያህል ስለሚሰጥ ነው።

የመጋጠሚያ ንጽሕና በ6 ቮልት መኪና ላይ የበለጠ የሚያሳስብበትን ምክንያት በቀላል ስሌት ማሳየት ይቻላል። 45 ዋት የሚወስድ የፊት መብራት በ6 ቮልት 7.5 አምፔር፣ በ12 ቮልት ደግሞ 3.75 አምፔር ይስባል። በመንገዱ ላይ አንድ የቆሸሸ መጋጠሚያ ቢኖርና የ0.1 ኦም ሙግደት (የኤሌክትሪክ ጅረትን የሚቃወም ኃይል) ቢፈጥር፣ በ6 ቮልት መኪና ላይ 0.7 ቮልት ገደማ በመጋጠሚያው ላይ ይቀራል። በ12 ቮልቱ ላይ የሚቀረው ግን 0.36 ቮልት ገደማ ብቻ ነው። ከጠቅላላው ቮልቴጅ ጋር ሲነጻጸር የመጀመሪያው ከመቶ 11 እጅ፣ ሁለተኛው ከመቶ 3 እጅ ያህል ነው።

የአምፖል ብርሃን ደግሞ ቮልቴጁ ከሚቀንሰው በላይ በፍጥነት ይቀንሳል። በዚህ ምሳሌ የ6 ቮልቱ መብራት ከብርሃኑ ሲሶ ያህሉን ሲያጣ፣ የ12 ቮልቱ የሚያጣው አንድ አሥረኛ ያህል ነው። «የድሮ ቮልስ መብራቱ ደካማ ነው» የሚባለው አባባል እውነት ቢኖረውም፣ ከድክመቱ የተወሰነው ክፍል የመኪናው ሳይሆን የመጋጠሚያዎቹ ነው።

የሽቦ ቀለሞችና ቁጥሮች

የጀርመን መኪኖች የኤሌክትሪክ ጫፎች ዲን 72552 በሚባለው ደረጃ መሠረት ቁጥር ይሰጣቸዋል። ቁጥሮቹ በማብሪያ ማጥፊያዎችና በሪሌዮች ላይ በጥቃቅኑ ተቀርጸው ይገኛሉ። በቮልስ ላይ በብዛት የሚያስፈልጉት የሚከተሉት ናቸው፦

- 30፦ ከባትሪ በቀጥታ የሚመጣ፣ ሁልጊዜ ኃይል ያለበት መስመር። ሽቦው ብዙ ጊዜ ቀይ ነው።
- 15፦ የማስነሻ ቁልፉ ሲዞር ብቻ ኃይል የሚያገኝ መስመር። ሽቦው ብዙ ጊዜ ጥቁር ነው።
- 31፦ የመሬት መስመር። ሽቦው ቡናማ ነው።
- 49 እና 49ኤ፦ ወደ ፍሬቻ ሪሌይ የሚገባውና ከሪሌዩ የሚወጣው መስመር።
- 56ኤ እና 56ቢ፦ የመጀመሪያው ረጅም፣ ሁለተኛው አጭር የፊት መብራት።
- 58፦ የፓርኪንግና የኋላ መብራት።
- 61፦ የባትሪ መሙያ ጠቋሚ መብራት።

ብዙ እጅ ባለፈበት መኪና ላይ ቀለምን ብቻ ማመን አይገባም። ቀደም ሲል የጠገነው ሰው በእጁ ያገኘውን ሽቦ ተጠቅሞ ሊሆን ስለሚችል፣ ቀለሙ የሚናገረውን በመለኪያ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ከሥራ በፊት የሚደረግ ጥንቃቄ

የዳሽቦርዱ ጀርባ ሽቦዎች የሚገኙት ከነዳጅ ታንከሩ አጠገብ ነው። ስለዚህ ማንኛውም ሽቦ ከመፈታቱ በፊት የባትሪው ኔጌቲቭ ገመድ መነቀል አለበት። መጀመሪያ ፖዘቲቩ ከተፈታ ቁልፉ የመኪናውን ብረት ሊነካና ከፍተኛ የእሳት ብልጭታ ሊፈጥር ይችላል። ሲመለስ ደግሞ ኔጌቲቩ መጨረሻ ላይ ይታሰራል።

በቮልስ ልዩ ጥንቃቄ የሚያሻው የባትሪው ቦታ ነው። የኋላ መቀመጫው ውስጡ የብረት ሞላ ስላለው፣ ሰው ሲቀመጥበት ሞላው ወርዶ የባትሪውን ጫፍ ከነካ ኃይሉ በሞላው ያልፋል፤ ሞላው ግሎ የመቀመጫውን ሙሌት ሊያቀጣጥል ይችላል። ይህን ለመከላከል ባትሪው የራሱ መሸፈኛ አለው። መሸፈኛው ከጠፋ፣ ወይም ከተለመደው የረዘመ ባትሪ ከገባ፣ ከማናቸውም ሌላ ጥገና በፊት መስተካከል ያለበት ይህ ነው።

በባትሪው ጫፎች ላይ የሚታየው ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት የአሲድ ውጤት ነው። በውኃ የተበጠበጠ ቤኪንግ ሶዳ አሲዱን ያከሽፋል። ከዚያ ጫፉ በሽቦ ብሩሽ ተጠርጎ፣ ጠብቆ ከታሰረ በኋላ ስስ ቫዝሊን ይቀባል።

ብልሽቱን ማግኘት

ለዚህ ሥራ የሚያስፈልጉት መሣሪያዎች ጥቂት ናቸው፦ ቴስተር (መልቲሜትር)፣ መሞከሪያ አምፖል፣ ካቻቪቴ፣ ፒንሳና ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት።

ጀማሪዎች በብዛት የሚሳሳቱት በቴስተር አጠቃቀም ነው። አምፖሉን አውጥቶ በመያዣው ላይ ቮልቴጅ መለካት ብቻውን በቂ ማስረጃ አይሆንም። ቴስተሩ ራሱ የሚስበው ጅረት እጅግ ጥቂት ስለሆነ፣ በአንድ ክር ብቻ የተንጠለጠለ ሽቦ እንኳ ሙሉ 12 ቮልት ሊያሳይ ይችላል። አምፖሉ ሲገባና ጅረት ሲፈልግ ግን ቮልቴጁ ይወድቃል። ስለዚህ ልኬቱ መወሰድ ያለበት መብራቱ ገብቶና ማብሪያው በርቶ ሳለ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መብራቱ በርቶ ሳለ የቴስተሩ አንድ ጫፍ የባትሪውን ፖዘቲቭ፣ ሌላው ጫፍ ወደ አምፖሉ ኃይል የሚገባበትን ነጥብ ይነካል። የሚነበበው ቁጥር በመምጫው መንገድ ላይ የባከነው ቮልት ነው። ቀጥሎ አንዱ ጫፍ የአምፖሉን መያዣ ብረት፣ ሌላው የባትሪውን ኔጌቲቭ ይነካል። ይህ ደግሞ በመመለሻው መንገድ የባከነው ነው። በመመለሻው ላይ ከ0.2 ቮልት በላይ ከታየ የመሬት መስመሩ መጽዳት አለበት፤ በ6 ቮልት መኪና ላይ ከዚህም ማነስ ይገባዋል። ብክነቱ የበዛው በመምጫው ላይ ከሆነ፣ አንዱ ጫፍ ባለበት ሆኖ ሌላው ከመጋጠሚያ ወደ መጋጠሚያ እየተዛወረ ቁጥሩ በድንገት የሚዘልበት ቦታ ይፈለጋል። ብልሽቱ ያለው እዚያ ነው።

የፊውዝ ሳጥን

በቮልስ የፊውዝ ሳጥን ውስጥ እንደ ሞዴሉ ዓመት ከ8 እስከ 12 ፊውዞች ይገኛሉ። ፊውዞቹ ሾጣጣ ጫፍ ያላቸው ሲሆኑ፣ ነጩ 8 አምፔር፣ ቀዩ 16 አምፔር ነው። የሚይዟቸው ነሐስ መሰል ስስ ብረቶች ከጊዜ ብዛት ይለጥጣሉ፣ ይጠቁራሉም። በዚህ የተነሳ ያልተቃጠለ ፊውዝ ኃይል ላያሳልፍ ይችላል።

አንድ ዕቃ መሥራት ሲያቆም የመጀመሪያው ሙከራ ፊውዙን በጣት ቦታው ላይ ማሽከርከር ነው። ዕቃው ከሠራ ጉድለቱ የመጋጠሚያ እንደሆነ ታውቋል። መፍትሔው ባትሪው ተነቅሎ ሳለ የመያዣዎቹን ጫፍ በብርጭቆ ወረቀት ማጽዳት፣ የለጠጡትን በፒንሳ በጥንቃቄ ወደ ውስጥ ማጠፍና አዲስ ፊውዝ ማስገባት ነው።

የተቃጠለ ፊውዝን በሲጋራ ፓኬት ብልጭልጭ ወረቀት ወይም በሽቦ ቁራጭ መተካት አደገኛ ልማድ ነው። ፊውዝ ማለት ሆን ተብሎ ደካማ የተደረገ የመንገዱ ክፍል ነው፤ ጅረቱ ከመጠን ሲያልፍ ራሱን አቅልጦ ሽቦውን ያድናል። ብልጭልጭ ወረቀቱ ግን አይቀልጥም። በዚያን ጊዜ የሚቀልጠው በዳሽቦርዱ ጀርባ፣ ከነዳጅ ታንከሩ አጠገብ የሚያልፈው ሽቦ ይሆናል። በተደጋጋሚ የሚቃጠል ፊውዝ ትልቅ ፊውዝ እንዲገባለት ሳይሆን ሽፋኑ የተላጠ ሽቦ እንዲፈለግለት እየጠየቀ ነው።

የኋላ መብራትና የመሬት መስመር

የቮልስ የኋላ መብራት በፓራፋንጎው ላይ የታሰረ ሲሆን፣ የመሬት መስመሩንም የሚያገኘው በዚያው በኩል ነው። ፓራፋንጎው አዲስ ቀለም ሲቀባ ወይም የማሰሪያ ብሎኖቹ ሲዝጉ የመመለሻው መንገድ ይዘጋል። ያን ጊዜ እንግዳ ነገር ይታያል። ፍሬን ሲረገጥ የፍሬን መብራቱ በደንብ ሳይበራ ፍሬቻው ወይም የፓርኪንግ መብራቱ ደብዘዝ ብሎ ይበራል። ምክንያቱም በቀጥታ መመለስ ያቃተው ጅረት በአጠገቡ ባለው ሌላ አምፖል ክር በኩል መውጫ ስለሚፈልግ ነው። አንዱ ሲነካ ሌላው የሚበራ መብራት ሲገጥም መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት የመሬት መስመር ነው። ከመብራቱ አካል እስከ መኪናው ንጹሕ ብረት አንድ ጊዜያዊ ሽቦ ዘርግቶ መሞከር ጥርጣሬውን ያረጋግጣል።

የፓርኪንግና የፍሬን መብራት በአንድ አምፖል ውስጥ ሁለት ክሮች ሆነው ይገኛሉ። የአምፖሉ ሁለት ጥርሶች ከፍታቸው እኩል ያልሆነው ተገልብጦ እንዳይገባ ነው። በግድ ተገልብጦ ከገባ የፓርኪንጉ መብራት በጣም ይደምቃል፣ ፍሬን ሲረገጥ ግን ከኋላ ላለ ሾፌር ምንም ግልጽ ለውጥ አይታይም።

የፍሬን መብራት

በቮልስ የፍሬን መብራትን የሚያበራው ስዊች በፍሬን ዋናው ፓምፕ ላይ የተገጠመ ሲሆን፣ የሚሠራው በፍሬን ዘይቱ ግፊት ነው። ሁለት የፍሬን መስመር ባላቸው ሞዴሎች ላይ ሁለት ስዊቾች አሉ። ስዊቹ ሲያረጅ መብራቱ እስኪበራ ፔዳሉን በኃይል መርገጥ ያስፈልጋል። ሾፌሩ ከፊት ሆኖ ይህን ስለማያይ ብልሽቱ ለወራት ሳይታወቅ ሊቆይ ይችላል። በየጊዜው ሌላ ሰው ከኋላ አቁሞ፣ ወይም ሌሊት ወደ ግድግዳ ተጠግቶ መሞከር ይገባል።

ለመመርመር የማስነሻ ቁልፉ ተከፍቶ ሁለቱ የስዊቹ ሽቦዎች እርስ በርስ ይገናኛሉ። መብራቱ ከበራ ሽቦውና አምፖሉ ጤነኛ ናቸው፤ ችግሩ ስዊቹ ነው። ስዊቹ ሲለወጥ አየር ወደ ፍሬን መስመሩ ሊገባ ስለሚችል አየሩ በሚገባ መውጣት አለበት። በስዊቹ ጫፍ ላይ ዘይት ከታየ ጉዳዩ የመብራት ብቻ ሳይሆን የፍሬን ነው፤ መኪናው እስኪጠገን መነዳት የለበትም።

ፍሬቻ

እስከ 1960 ድረስ ለአውሮፓ ገበያ የተሠሩት ቮልሶች የሚያበልጭ ፍሬቻ አልነበራቸውም። በበሩና በኋላ መስኮቱ መካከል ካለው ምሰሶ እንደ ክንድ ወጥቶ የሚበራ ጠቋሚ ነበራቸው። በውስጡ የመዳብ ሽቦ ጥቅል አለ፤ ኃይል ሲያገኝ ማግኔት ሆኖ ብረቱን ይስባል፣ ክንዱም ይነሳል። እነዚህ ክንዶች የሚቆሙት ብዙውን ጊዜ ማጠፊያቸው ደርቆ ወይም አቧራ ይዞት ነው። ማጠፊያውን አጽድቶ አንድ ጠብታ ቀጭን ዘይት መስጠት ብዙ ጊዜ ይበቃል። ክንዱን በእጅ ጎትቶ ማውጣት ግን ስሱን ብረት ይሰብራል።

በኋለኞቹ ሞዴሎች ማብልጨቱን የሚሠራው ሪሌይ ነው። የቀድሞው ዓይነት ሪሌይ ጅረት ሲያልፍበት የሚግል ክፍል አለው፤ ሲግል መስመሩን ይቆርጣል፣ ሲቀዘቅዝ ያገናኛል። ስለዚህ ፍጥነቱ የሚወሰነው አምፖሎቹ በሚስቡት ጅረት ነው። አንድ አምፖል ሲቃጠል ወይም መሬቱ ሲደክም የማብልጨት ፍጥነቱ ይለወጣል፣ ወይም መብራቱ በርቶ ይቀራል። በአንድ በኩል ብቻ ፍጥነቱ ከተለወጠ ሪሌዩን ከመግዛት በፊት የዚያን ጎን አምፖሎችና መያዣዎች መመርመር ይገባል፤ ሪሌዩ ለሁለቱም ጎን አንድ ነውና። በተመሳሳይ ምክንያት ኤልኢዲ አምፖል ሲገጠም የሚስበው ጅረት ትንሽ ስለሆነ የድሮው ሪሌይ አያበልጭም፤ ኤሌክትሮኒክ ሪሌይ ያስፈልገዋል።

ክላክስ

በቮልስ የክላክስ ቁልፍ የሚሠራው ኃይል በመስጠት ሳይሆን የመሬት መስመሩን በመዝጋት ነው። ቁልፉ ሲጫን ጅረቱ በመሪው ዘንግ በኩል ወደ መኪናው አካል ይመለሳል። ነገር ግን በመሪው ዘንግና በመሪ ሳጥኑ መካከል የጎማ ማያያዣ አለ፤ ጎማ ደግሞ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ስለዚህ ጎማውን ተሻግሮ የሚያገናኝ አጭር ሽቦ ተሠርቶለታል። ይህ ሽቦ ሲበጠስ ወይም ጎማው ከተለወጠ በኋላ ሳይመለስ ሲቀር ክላክሱ ዝም ይላል። ሌሎች ዕቃዎች ከመፈታታቸው በፊት ይህን አጭር ሽቦ ማየት ብዙ ድካም ያድናል።

ቀዩ የዳሽቦርድ መብራት

በፍጥነት መለኪያው ላይ ያለው ቀይ መብራት ዲናሞው ባትሪውን መሙላቱን ያሳያል። አንደኛው ጫፉ ከባትሪ፣ ሌላኛው ከዲናሞ ነው። ዲናሞው ሲሠራ የሁለቱ ጫፎች ቮልቴጅ እኩል ስለሚሆን ጅረት አያልፍም፣ መብራቱም ይጠፋል።

ቮልስ በውኃ ሳይሆን በአየር የሚቀዘቅዝ መኪና ነው። የማቀዝቀዣው ፋን የተገጠመው በዲናሞው ዘንግ ላይ ስለሆነ ሁለቱም የሚዞሩት በአንድ ቺንጋ ነው። በጉዞ ላይ ቀዩ መብራት ከበራ ቺንጋው ተበጥሶ ሊሆን ስለሚችል ወዲያው ቆሞ ማየት ያስፈልጋል። ፋን ሳይዞር የተነዳ ሞተር በጥቂት ጊዜ ውስጥ ግሎ ሊበላሽ ይችላል። የማስነሻ ቁልፉ ተከፍቶ ሞተሩ ሳይነሳ ይህ መብራት መብራት አለበት። ካልበራ አምፖሉ ተቃጥሏል ማለት ሊሆን ይችላል። ትንሽና ርካሽ አምፖል ብትሆንም የሞተሩ ጠባቂ እሷ ናት።

ሽቦ መቀጠል

ሽቦ ሲቀጠል ውፍረቱ ከቀድሞው ማነስ የለበትም። ሁለት ጫፎችን ጠምዝዞ በናስትሮ መጠቅለል ለጊዜው ይሠራል፤ በሙቀትና በንዝረት ግን ይላላል፣ ከላላም ይግላል። ጫፎቹን በተገቢው ማያያዣ መጭመቅ ወይም በሊድ በይዶ በሽፋን ማልበስ ይሻላል። ሽቦ በብረት ቀዳዳ ሲያልፍ ጠርዙ ሽፋኑን እንዳይልጠው የጎማ ቀለበት ሊኖር ይገባል።

ወደ 12 ቮልት መቀየር

አንዳንድ ባለቤቶች የ6 ቮልት መኪናቸውን ወደ 12 ቮልት ይቀይራሉ። ሽቦዎቹ ጤነኛ ከሆኑ መለወጥ አያስፈልጋቸውም፤ ለተመሳሳይ ዋት የሚያልፈው ጅረት በግማሽ ስለሚቀንስ። ባትሪ፣ ዲናሞ፣ የቮልቴጅ መቆጣጠሪያ፣ የሞተር ኮይል፣ ሁሉም አምፖሎችና የፍሬቻ ሪሌይ ግን ይለወጣሉ። ይሁን እንጂ መጋጠሚያዎቹ ሳይጸዱ የተቀየረ መኪና ችግሩን ይዞ ነው የሚሻገረው። በሌላ በኩል፣ መጋጠሚያዎቹ በሚገባ የጸዱለት የ6 ቮልት መኪና ፋብሪካው እንዳሰበው ይሠራል፤ የድሮነቱም ዋጋ ይጠበቃል።

ዕቃን መለወጥ ወይስ መጠገን

የቆየ መኪና ዋናው ዕቃ ብዙ ጊዜ ከአዲሱ ምትክ የተሻለ ብረት አለው። የጠቆረ ማብሪያ ማጥፊያ ተፈትቶ፣ የመገናኛ ነጥቦቹ ተጠርገው ተመልሶ ሊገጠም ይችላል፤ የተሰነጠቀ፣ የቀለጠ ወይም ዘይት የሚያፈስ ግን ይለወጣል። ይህን ለመለየት የሚረዳው ልኬት ነው። ሳይለካ የተለወጠ ዕቃ ገንዘብ አስወጥቶ ብልሽቱን እዚያው ሊተወው ይችላል፤ ተለክቶ የተጠረገ መጋጠሚያ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከጥቂት ደቂቃ ሥራና ከአንድ ቁራጭ የብርጭቆ ወረቀት በላይ አይጠይቅም።